ጉበት ስለ ጾም ምን ያውቃል?

የሸዕባን ወር ሲጋመስ፣ ረመዳን ሊያዝ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ የካርቱም ሰፈሮች በአንድ ሽታ ይታወዳሉ። ሽታው የሑሉ ሙር ነው። ሴቶች ማሽላ ዘፍዝፈው ያበቅላሉ፤ የበቀለውን ፀሐይ ላይ አስጥተው ይፈጩታል፤ ዱቄቱን አቡክተው ዝንጅብልና ቀረፋ፣ ሌላም ቅመም ይጨምሩበታል፤ ሊጡ ኮምጠጥ ሲል በጋለ ምጣድ ላይ በስሱ ያሰፉታል። የሚወጣው ቡናማ፣ እንደ ድርቆሽ የሚሰባበር ቂጣ ነው። ጀምበር ስትጠልቅ ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ ይጠለላል፤ ስኳር ገብቶበት ይጠጣል። ስሙ በዓረብኛ «ጣፋጭ መራራ» እንደማለት ነው። ጠላ ሲጠነሰስ ያየ አንባቢ የነገሩን መነሻ ወዲያው ያውቀዋል፤ ያ የበቀለ ማሽላ ብቅል ነው።

ብቅልን ከጥሬ እህል የሚለየው ኢንዛይም ነው። ዘሩ ውኃ አግኝቶ ሲነቃ በውስጡ የሚፈጠረው ይህ ፕሮቲን ስታርቹን እየቆራረጠ ወደ ስኳር ይለውጠዋል፤ ስንት ሰንሰለት ቢቆርጥም ራሱ አያልቅም። እ.ኤ.አ. በ1833 አንሴልም ፔየንና ዣን ፍራንስዋ ፔርሶ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ኬሚስቶች የብቅል ውኃ ላይ አልኮል ጨምረው ይህንን ነገር ለይተው አወጡት። ሳይንስ ከሕይወት ለይቶ ያወጣው የመጀመሪያው ኢንዛይም እሱ ነው። የወል ስሙ የመጣው ግን ከዓመታት በኋላ፣ በ1870ዎቹ ነው፤ ጀርመናዊው ቪልሄልም ኪውነ ከግሪክኛ ወስዶ «በእርሾ ውስጥ» የሚል ትርጉም ያለውን «ኢንዛይም» የሚለውን ቃል አወጣ። ቤተ ሙከራው ለዕውቀቱ ስም ሲፈልግ የሄደው ወደ ቡኾ ዕቃ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ በካርቱም የጾመኛው የመጀመሪያ ጉርሻ፣ ከተምሩ ጋር፣ የኢንዛይም ሥራ ነው። ጥያቄው ከዚህ ይጀምራል። ማፍጠሪያውን ያዘጋጀው ኢንዛይም ከሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ጾመኛውን በእግሩ ያቆመውስ ማን ነው? ነፍሱ ናት? ወይስ ከጎድን አጥንቱ ሥር፣ በቀኝ በኩል ተደብቆ የሚሠራው ጉበቱ?

ካፉሪ ይህንን ለመጠየቅ የተገባ ቦታ ነው። ሰፈሩ ያለው በካርቱም ባሕሪ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከሌቫንት መጥቶ በዚያ ሰፊ እርሻና የወተት ላሞች ከነበሩት ከካፉሪ ቤተሰብ ነው። እርሻው በጊዜ ብዛት ቪላ ሆነ። ሀብታሞችና ባለሥልጣኖች ሰፈሩበት፤ የቀድሞው ፕሬዚዳንት የኦማር አል በሺር ቤተሰብ ቤቶችም እዚያው ነበሩ። በካርቱም እንዲህ ባሉ ቤቶች ደግሞ ምግብ የሚያበስሉ፣ ልጅ የሚይዙ፣ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ሴቶች አይጠፉም ነበር። ዐቢይ ጾምና ረመዳን በገጠሙባቸው ዓመታት አንድ ወጥ ቤት ሁለት ጾም ያስተናግድ ነበር። እመቤቲቱ ከንጋት እስከ ምሽት እህልም ውኃም አትቀምስም፤ ሠራተኛዋ ወተቱን ለልጆቹ ትቀዳለች እንጂ ለራሷ አታደርገውም። የላሞች እርሻ በነበረ ሰፈር ወተት የተከለከለባት ሴት ወተት ታፈላለች።

በ2015 ዓ.ም. ሁለቱ ጾሞች ገጠሙ። ሚያዝያ 7 ቀን፣ ቅዳሜ፣ ለሙስሊሙ የረመዳን 24ኛ ቀን ነበር፤ ለኦርቶዶክሳዊው ቀዳም ሥዑር። ሙስሊሙ ስሑሩን በልቶ ጾሙን ይዟል። ከኦርቶዶክሳውያኑ አክፍሎት የያዙት ከስቅለት ጀምሮ ምንም አልቀመሱም፤ የሚጠብቁት የሌሊቱን ቅዳሴ ነው። በዚያ ጠዋት የሱዳን ጦርና የፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ካርቱም ውስጥ መታኮስ ጀመሩ። ጦርነቱ የገባው ሕዝቡ በፈቃዱ ሆዱን ባዶ ባደረገበት ሰዓት ነው።

በዚያ ሰዓት በጾመኞቹ ሰውነት ውስጥ ይካሄድ የነበረውን ባዮኬሚስትሪ በደንብ ያውቀዋል። እራት ከተፈጨ በኋላ ደም ውስጥ ያለው ግሉኮስ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ይበቃል። አንጎል ደግሞ በቀን 120 ግራም ያህል ግሉኮስ ይፈልጋል፤ ነገ ላምጣልህ የሚባል አይደለም። ጉበት ለዚህ ቀን ያስቀመጠው 100 ግራም ያህል ግላይኮጅን አለው፤ ግላይኮጅን ማለት ተቆላልፎ የተከማቸ ግሉኮስ ነው። ኢንዛይሞች ይፈቱታል፤ ወደ ደም ይለቁታል። አንድ ቀን ገደማ ሲሞላ ጎተራው ይራቆታል። ያኔ ጉበት ከፕሮቲን ፍርፋሪና ከስብ ተረፈ ምርት አዲስ ግሉኮስ መሥራት ይይዛል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን፣ አክፍሎት የያዘው ሰው ባለበት ቦታ፣ ስቡን ወደ ኬቶን የመለወጡ ሥራ ይበረታል። እ.ኤ.አ. በ1967 ኦሊቨር ኦወንና ጆርጅ ኬሂል ከባልደረቦቻቸው ጋር ቦስተን ውስጥ እንዳሳዩት፣ ረሃቡ ለሳምንታት ከዘለቀ አንጎል ራሱ አመሉን ለውጦ አብዛኛውን ኃይሉን ከኬቶን ያገኛል። ይህ ባይሆን ኖሮ ሰው ግሉኮስ ፍለጋ ጡንቻውን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በልቶ ይጨርስ ነበር።

በዚህ ውስጥ ልብ የሚነካ ዝርዝር አለ። ጡንቻም የራሱ ግላይኮጅን አለው፤ ሆኖም ግሉኮሱን ወደ ደም የሚለቀው የመጨረሻው ኢንዛይም ስለሌለው ስንቁን ለራሱ ብቻ ይጠቀምበታል። ጉበት ኢንዛይሙ ስላለው ለሌላው ይሰጣል። ኬቶኑንም የሚሠራው ጉበት ነው፤ ነገር ግን ኬቶንን አቃጥሎ የሚጠቀምበት ኢንዛይም ስለሌለው ከሠራው አይቀምስም። ወጥ ሠርታ ሳትቀምስ የምታቀርብ ጾመኛ ሴት ማለት ነው። ከዚህ ላይ ስብከት ለማውጣት የሚቸኩል ይኖራል፤ ባይቸኩል ይሻላል። ጉበት ቸርነት አያውቅም።

አለማወቁን ያረጋገጠው ክሎድ በርናር ነው። እ.ኤ.አ. በ1855 ይህ ፈረንሳዊ የሥነ አካል ሊቅ የአንድ ውሻ ጉበት አውጥቶ በደም ሥሩ በኩል ውኃ እያሳለፈ፣ የስኳር ምልክት እስኪጠፋ ድረስ አጠበው። ከዚያ ትቶት አደረ። በማግስቱ ሲመለከተው ጉበቱ እንደገና ስኳር ሞልቶታል። ውሻው ሞቷል፤ የሚመገበው አካል የለም፤ ጉበቱ ግን ስኳር ያወጣል። ጾም በሰውነት ውስጥ የሚያስነሳው ሥራ ጿሚው በሌለበትም ይሠራል ማለት ነው።

ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ወገን እንዲህ ይላል፤ ጾም የምትሉት በጉበት ውስጥ የሚዞር የኬሚካል መቀያየሪያ ነው፤ የቀረው ጌጥ ነው። ይህ ክርክር አንድ ነገር ይስታል። በርናር ያገኘው ግኝት ለተቃራኒው ወገንም ይመሰክራል። ጉበቱ ምንም ሳይፈቅድ፣ ምንም ሳያምን ይህን ሁሉ ከሠራ፣ ጾምን ጾም የሚያደርገው ነገር ጉበት ውስጥ አይደለም ማለት ነው። አንድ ሰው ስለ እግዚአብሔር ብሎ ሁለት ቀን ቢጾም፣ ሌላው በተከበበ ከተማ ዳቦ አጥቶ ሁለት ቀን ቢውል፣ የሦስተኛው ቀን የደም ምርመራቸው አይለይም። ግሉኮሳቸው ወርዷል፤ ኬቶናቸው ወጥቷል። ሐኪሙ በውጤቱ ወረቀት ላይ የትኛው ጿሚ፣ የትኛው ራብተኛ እንደሆነ ማንበብ አይችልም።

የጥንት መምህራን ይህን ያለ ቤተ ሙከራ ደርሰውበታል። ቅዱስ ያሬድ በጾመ ድጓው ጾምን ከሆድ አውጥቶ ለዓይን፣ ለጆሮ፣ ለአንደበት ያደርገዋል። አል ገዛሊ በ«ኢሕያእ ዑሉም አል ዲን» ጾምን በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል፤ ሆድን መከልከል ዝቅተኛው ነው፤ ከዚያ የብልቶች ሁሉ ጾም ይመጣል፤ ከፍተኛው የልብ ጾም ነው። ሁለቱም የጠሯቸው አካላት ሰው የሚያዝዛቸው ናቸው። ዓይን ይጨፈናል፤ አንደበት ይታሰራል። ጉበትን ያዘዘ ሰው የለም።

በአሁኑ ዘመን ግን ከሃይማኖት ወገንም የሚሳሳቱ አሉ። ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ ሴሎች ሲራቡ የራሳቸውን ያረጀ ክፍል እንዴት ቆራርጠው እንደሚጠቀሙበት በማሳየቱ እ.ኤ.አ. በ2016 የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ፣ «ሳይንስ ጾማችንን አጸደቀው» የሚል ስብከት በየመድረኩ ተሰማ። ኦሱሚ ያጠናው እርሾን ነው፤ ዐቢይ ጾምንም ረመዳንንም አላጠናም። ከዚያ ይልቅ የሚያሳስበው ሌላ ነው። ጾም የሚጾመው ለጤና ስለሚበጅ ከሆነ፣ ነገ ሌላ ጥናት አይበጅም ሲል ሊተው ነው። ለጤና ብሎ ምግብ የሚቀንስ ሰው የሚነቀፍ አይደለም፤ የሚያደርገው ግን ሌላ ነገር ነው። አምልኮን በቤተ ሙከራ ማኅተም ማጽደቅ ለአምልኮውም ለቤተ ሙከራውም ክብር አይሆንም።

ታዲያ ጉበት ለጾም ምንም ነው? አይደለም። ይህንን የሚያስረዳ አንድ ሕመም አለ። ግሉኮስን ወደ ደም የሚለቀው ያ የመጨረሻው ኢንዛይም የሌላቸው ሕፃናት ይወለዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1952 ተመራማሪዎቹ ገርቲና ካርል ኮሪ በእነዚህ ሕፃናት ጉበት ውስጥ የጎደለውን ለይተው አሳዩ፤ ከኢንዛይም ጉድለት ጋር በግልጽ የተያያዘ የመጀመሪያው የጉበት ውርስ ሕመም እሱ ነው። ጎተራቸው ሙሉ ነው፤ በሩ ግን አይከፈትም። እንዲህ ያለ ሕፃን ጥቂት ሰዓት ሳይበላ ከቆየ ስኳሩ ወርዶ ይንቀጠቀጣል፤ ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም ይችላል። ወላጆች ሌሊት እየቀሰቀሱ በውኃ የተበጠበጠ የበቆሎ ስታርች ያጠጡታል። አድጎ የፈለገውን ያህል እምነት ቢኖረው፣ የጾምን በር የሚከፍትለት ኢንዛይም የለውም።

ሕጉ አንድ ነው፤ አካሉ ግን ልዩ ልዩ ነው። ፍትሐዊው አምላክ ሁሉን በእኩል ያዝዛል ወይ የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ስለት ያወጣል። ሁለቱም ሃይማኖቶች ያገኙት መልስ ከሁለቱም ጥበብ የላቀው ክፍል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የቤተ ክርስቲያን ቀኖና ጾም የተወውን ሲገሥጽ በደዌ የተያዘውን ለይቶ ያስቀራል፤ ንስሐ አባቱም እንደ አካሉ ያዩለታል። ቁርኣን በሱረቱል በቀራ ለታመመና ለመንገደኛ ሌላ ቀን ይሰጣል፤ ጾም ከአቅሙ በላይ ለሆነበትም ድኻ ማብላትን ያነሣል። ይህ ፊድያ ይባላል። አንድ አካል መጾም ሲያቅተው፣ ምትኩ ሌላ አካል መጥገቡ ነው። ሕጉ የደከመውን ሰው ከጾሙ ያሰናብተዋል፤ ከድኻው ጋር ካለው ጉዳይ ግን አያሰናብተውም።

ባሕሪ ውስጥ ስለ ረሃብ ዕውቀት ከጦርነቱ በፊትም ነበር። በሻምባት፣ በካርቱም ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ፋኩልቲ፣ ሐሚድ ዲራር የተባሉት ፕሮፌሰር የሱዳን ሴቶች በእርሾ የሚያዘጋጁትን ምግብና መጠጥ ሁሉ እየዞሩ መዘገቡ፤ መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ1993 ታተመ። ሑሉ ሙር አለበት፤ የእንጀራ እኅት የሆነችው ኪስራ አለችበት፤ ካዋልም አለ። ካዋል የሚሠራው ከዱር ቅጠል ነው። ቅጠሉ ይወቀጣል፤ በሸክላ ዕቃ ታሽጎ መሬት ውስጥ ይቀበራል፤ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ወጥቶ ይደርቅና በስጋ ፋንታ ወጥ ይሆናል። ዲራር ከእነዚህ ምግቦች ብዙዎቹ የተወለዱት ከረሃብ ነው ይሉ ነበር። እርሾው ሊጡን ከማኮምጠጥ አልፎ ይሠራል፤ ኢንዛይሞች በእህሉ ውስጥ ብረትንና ዚንክን አሥሮ የያዘውን ፋይቴት ይሰብሩታል፤ ከዚያው እህል ሰውነት የሚያገኘው ይበዛል። ለድኻ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከሚያዝያ 7 በኋላ ካፉሪ በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ ወደቀች። የቻለ ሸሸ። ያልቻለ በየሰፈሩ በጎ ፈቃደኞች ባቋቋሟቸው የጋራ ወጥ ቤቶች ድስት ሥር ተሰለፈ፤ በዓረብኛ ተካያ ይሏቸዋል። ፉል፣ ምስር፣ ሩዝ በትልልቅ ብረት ድስት ይቀቀላል፤ ሕፃናት ባልዲና ጣሳ ይዘው ይመጣሉ። ገንዘቡ ባብዛኛው የሚደርሰው ውጭ አገር ካሉ ሱዳናውያን፣ ባንካክ በሚባለው የስልክ መተግበሪያ ነበር። በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ስልክና ኢንተርኔት በአብዛኛው አገሪቱ ሲቋረጥ በካርቱም ብዙ ወጥ ቤቶች ሥራ አቆሙ። ሐምሌ 25 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ርቆ በሰሜን ዳርፉር፣ በዘምዘም መጠለያ፣ ረሃብ መግባቱ በዓለም አቀፍ መርማሪዎች ተረጋገጠ።

በዚህ ጊዜ ጉበት አዲስ ነገር አልሠራም። በጾሙ ቀን የሠራውን ነው የሠራው፤ ግን ማቆሚያ የለውም። ለውጡ የት ላይ እንደሆነ በከፊል ያሳየ አንድ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻ ተመራማሪው አንሰል ኪስ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ወጣቶችን ሰበሰበ። በኅሊናቸው ምክንያት ጦር መሣሪያ አንይዝም ያሉ፣ ብዙዎቹም ከሰላም አብያተ ክርስቲያናት የመጡ ነበሩ፤ ጦርነት ያራባቸውን የአውሮፓ ሰዎች እንዴት ማዳን እንደሚቻል ለማወቅ ራሳቸውን ሰጡ። ለ24 ሳምንታት ምግባቸው ተቀነሰ። ክብደታቸው በሩብ ያህል ወረደ፤ የልባቸው ምት ዘገየ፤ ብርድ ይሰማቸው ጀመር። ከዚህ የባሰው ግን የአእምሮው ነገር ነበር። ስለ ምግብ ብቻ ያስባሉ፤ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ያሰባስባሉ፤ ይነጫነጫሉ፤ ይተክዛሉ። ለፍቅር ብለው የገቡ ሰዎች ነበሩ፤ ራቡ ግን ፍቅራቸውንም ነካው።

ይህ ለሃይማኖተኛውም ለፈላስፋውም ከባድ ምስክርነት ነው። ነፍስ ከጉበት በላይ ሆና፣ ሳትነካ የምትቀመጥ ንግሥት አይደለችም። ረሃብ ሲረዝም እስከ እሷ ይደርሳል። ጾም የተባለው ሥርዓት ይህን ስለሚያውቅ ይመስላል ማብቂያ ያደረገለት፤ የጀምበር መጥለቅ፣ የዶሮ ጩኸት፣ የፋሲካ ሌሊት። ጿሚው የሚፈታበትን ሰዓት ያውቃል። የተከበበው ሰው አያውቅም። በጾምና በረሃብ መካከል የቆመው ግድግዳ ፈቃድና ይህ ሰዓት ናቸው፤ ሁለቱንም ለሰው የሚነሣው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ጾመኛ ስለ ረሃብ ዝም ማለት አይችልም። አካሉ ለጥቂት ሰዓት የገባበትን ቤት፣ ሌላው በሩ ተቆልፎበት ይኖርበታል።

ማፍጠሪያም ቢሆን ዕውቀት ይጠይቃል። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰው በአንድ ጊዜ ሲጠግብ ኢንሱሊኑ ይነሣል፤ ሴሎች የደሙን ፎስፌት ጠራርገው ያስገባሉ፤ ልብ ሊቆም ይችላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ነፃ ከወጡት እስረኞች መካከል ምግብ ያገኙበት ቀን ሞታቸው የሆነባቸው ነበሩ። በየአገሩ ጾምን በተልባ፣ በተምር፣ በቀጭን መጠጥ የሚያስፈቱ እናቶች የፎስፌትን ስም አያውቁም፤ ጨጓራን በዝግታ መቀስቀስ እንደሚገባ ግን ያውቃሉ።

በጥር መጨረሻና በየካቲት መጀመሪያ 2017 ዓ.ም. መካከል የሱዳን ጦር ካፉሪን መልሶ ያዘ። በዚያው የካቲት፣ በ17ኛው ቀን ዐቢይ ጾም ገባ፤ በ22ኛው ረመዳን ተያዘ። በዚያን ሰሞን ኖርዌይ ውስጥ ስቫልባርድ በሚገኘው የዓለም የዘር ጎተራ የሱዳን ማሽላ ዘሮች ተቀመጡ፤ በዋድ መደኒ የነበረው የአገሪቱ የዘር ባንክ በጦርነቱ ተዘርፎ ነበር። የሑሉ ሙር ብቅል የሚበቅለው ከዚህ እህል ነው።

ዘንድሮ በሕመም ምክንያት መጾም ያልቻለ አንባቢ፣ ወይም ጾሞ ከወጪው የተረፈው፣ የሚልክበት ድስት በባሕሪ አለ። መለኪያው ከባድ አይደለም። ሱዳን በሚከተለው በማሊኪ መዝሀብ ላልተጾመ አንድ ቀን ፊድያው አንድ ሙድ እህል ነው፤ አንድ መካከለኛ ሰው ሁለት እጆቹን ገጥሞ የሚያፍሰው ያህል።